የቆመች መኪና ክንፍ

የእሽቅድምድም መኪና ክንፍ መኪናዋን አያበርራትም፤ ወደ መሬት ይጫናታል። ይህን ለአባቴ ያስረዳኋቸው በወንድሜ መኪና ስንሄድ እጄን በመስኮት አውጥቼ ነበር። የአውራ ጣቴን ጎን ዝቅ ሳደርገው ነፋሱ እጄን ቁልቁል ገፋው። አባቴ አይተው አይተው፣ «ታዲያ ካላበረረ ስሙን ለምን አይቀይሩለትም?» አሉኝ።

እዚሁ እስራኤል፣ ቤርሼባ ከተማ፣ ምሕንድስና እማራለሁ። እኛ ተማሪዎቹ በየዓመቱ አንዲት ትንሽ የውድድር መኪና ሠርተን አውሮፓ እንወስዳለን፤ እዚያ ከሌሎች አገር ተማሪዎች ጋር እንሽቀዳደማለን። እኔ ከክንፍ ቡድኑ ነኝ። ሥራዬ የተቀናቃኞቻችንን ክንፍ ማወዳደር ነበር። የጀርመኖቹን፣ የጣሊያኖቹን፣ ከሰሜን የሚመጡትን የራሳችንን አገር ልጆች ፎቶ ዓመት ሙሉ ለቀምኩ። ማን ክንፉን ከሁለት ቁራጭ፣ ማን ከሦስት ሠራው? ማን ከነጂው ራስ በላይ ሰቀለው? ካምና ምን ለወጡ? የክንፉን ማዘንበያ፣ ያጋደለበትን ማዕዘን፣ የምለካው በፕሮትራክተር ነበር፤ አዎ፣ ሕፃናት ትምህርት ቤት የሚይዙትን ፕላስቲክ ስክሪን ላይ ለጥፌ። ሥራው ትምህርት ሳይሆን የሰው ጓዳ መሰለል ይመስል ነበር፤ ግን ወደድኩት።

የቡድኑ ኃላፊ በዚያ ዓመት ተመራቂ ነበር። ክንፉ ከሠራ የእሱን ቦታ እኔ እንደምይዝ ሁሉም ያውቃል፤ ከዚያ ቦታ የወጣ ደግሞ ሥራ ፍለጋ አይንከራተትም። ፈልጌው ነበር ማለት ያንሰዋል። ሌላ ነገር አላስብም ነበር።

አንድ ቀን የጀርመኖቹን መኪና ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ሳይ ደነገጥኩ። በአንዱ መኪናዋ ቆማለች፤ የክንፉ የላይኛው ቁራጭ ቀጥ ብሏል። በሌላው መኪናዋ እየሮጠች ነው፤ ያው ቁራጭ ወደ ኋላ ጎንበስ ብሏል። ነፋስ ሲገፋው እንዲታጠፍ ሆን ብለው ቀጭን አድርገው ሠርተውታል። እኛ ደግሞ የምንሠራው ድርቅ ያለ፣ ነፋስ የማያጥፈው ክንፍ ነው። የቆመችውን መኪና አይተን በዚያ ማዘንበያ ብንሠራው፣ ነፋሱ ከክንፉ ሥር ይላቀቃል፤ ክንፉ መጫኑን ትቶ መጎተት ብቻ ይቀረዋል።

አማካሪያችን ዕድሜ ልካቸውን አውሮፕላን ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹ በስማቸው ይጠሯቸዋል፣ ትከሻቸውን መታ መታ ያደርጓቸዋል። እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስማቸውን አልጠራሁም። ስፈልጋቸው ዓይናቸው እስኪያየኝ ፊታቸው እቆማለሁ። በስብሰባው ቀን ግድግዳው ላይ የጀርመኖቹን ፎቶ አወጡ፤ የቆመችውን። «ይሄንን እንወስዳለን» አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው «ሄዓሮት? አስተያየት ያለው?» ብለው ዞር ዞር እያሉ አዩን። ሁለቱም ፎቶዎች ጭኔ ላይ ባለው ላፕቶፕ ውስጥ ነበሩ። ላፕቶፑን ከደንኩት።

አባቴ በሰፈራችን፣ በሽኩና ዩድ አሌፍ፣ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ጉባኤ መሐል ቢሳሳቱ አባቴ በሰው ፊት አያርሟቸውም። ሰው እስኪበተን ይጠብቃሉ፣ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ሰውየውን እስከ ቤታቸው እየሸኙ በመንገድ ላይ ቀስ ብለው ይነግሯቸዋል። ልጅ ሆኜ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ስንቴ ተከትያቸዋለሁ። እኔም ያንኑ አደረግሁ፤ ስብሰባው ሲያልቅ በሩ ላይ ቆምኩ።

አማካሪው ስልክ እያወሩ ወጡ፣ እጃቸውን አወዛውዘውልኝ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በሳምንቱ የልጅ ልጃቸው ታሞ አልመጡም። በሦስተኛው ሳምንት ሰው ከበባቸው። በአራተኛው ብቻቸውን አገኘኋቸው፤ ያን ጊዜ ክንፉ ተሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።

ሁለቱን ፎቶዎች አሳየኋቸው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ይሄንን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ከስብሰባው በፊት ነው።»

«ታዲያ ስጠይቅ?»

ላከብርዎት ብዬ ነው ልላቸው ነበር። በዕብራይስጥ ሳስበው የሞኝ ወሬ ሆነብኝ። «እርግጠኛ አልነበርኩም» አልኩ። ውሸቴን ነው። እሳቸው ግን ይህንን አመኑኝ፤ እስከ ዛሬም የሚያምኑት ይህንኑ ነው።

ሌላ ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረን ያንኑ ክንፍ ይዘን ሙከራ ስንወጣ አጫጭር የሱፍ ክሮች ክንፉ ሥር የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ነፋሱ ክንፉን ተከትሎ ሲያልፍ ክሮቹ ወደ ኋላ ተኝተው መታየት ነበረባቸው። አንዱም አልተኛም። እንደ እብድ ሲዞሩ ካሜራው ቀረጻቸው፤ መኪናዋም ኩርባው ላይ ተንሸራታ የፕላስቲክ ምልክቶቹን ጠራርጋ ወጣች። ክንፉን ፈትተን ጥለን ያለ ክንፍ አውሮፓ ሄድን። የዓመት ልፋቴን ውሃ በላው። ስንመለስ አማካሪው ለብቻዬ ጠርተው በትሕትና፣ «ለኃላፊነቱ ሐሳቡን የሚናገር ሰው ያስፈልገናል» አሉኝ። ቦታውን ከእኔ በኋላ ለገባ ልጅ ሰጡት።

ሁሉንም ለአባቴ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በሰው ፊት አላዋረድሻቸውም?»

«አላዋረድኳቸውም፣ አባባ።»

«ደግ አደረግሽ ልጄ። አላሳፈርሽኝም።»

ደስ አላቸው። ወገባቸው ቀና ሲል አየሁት። እኔን ያጠፋኝ ይኸው የእርስዎ ደግነት ነው ብዬ ልጮህባቸው ፈለግሁ። እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው፤ እናቴና ወንድሜ እዚያው ተቀምጠዋል። ተነሥቼ ውሃ ቀዳሁላቸው።

በዚህ ዓመት አዲስ መኪና ጀምረናል። ባለፈው ስብሰባ አማካሪው የጣሊያኖቹን ክንፍ ግድግዳው ላይ አወጡ። ፎቶው ጋራዥ ውስጥ የተነሣ ነው፤ መኪናዋ ቆማለች። እየሮጠች፣ ክንፏ ጎንበስ ብሎ የተነሣችው ላፕቶፔ ውስጥ አለች። «ሄዓሮት?» አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁኝ። ሁሉም ጠበቀኝ። አሁን ተናገሪ እንደ ማለት ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርጉልኝ?

«የለኝም» አልኩ።

ስብሰባው ሲያልቅ ዕቃዬን ከሁሉም ቀድሜ ሰበሰብኩና በሩ ላይ ቆምኩ።