ጮቄ ላይ ደጅ ቆሜ የተናገርኩት ቃል

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ወደዚህ የወጣሁት ለመስበክ አይደለም፤ ለመዘመርማ ጭራሽ፣ ድምፄን ታውቁታላችሁ። በሕይወቴ አንድ ነገር ሆኗል፣ እሱን ልናገር ነው። ሠላሳ ዓመት ጋዜጠኛ ሆኜ የሌላ ሰው ቃል ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ የራሴን እሰጣለሁ። ያየሁትን አየሁ እላለሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም እላለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ይህን ዱላ ታያላችሁ። አሁን በር ላይ አንድ የምወደው ወንድም ያዘኝና፣ «ዱላውን ወንበርህ ላይ ተወው፣ ምስክርነቱ ያምራል» አለኝ። አልተውኩትም። አነክሳለሁ። እግሬ ድኗል አልልም፣ ምክንያቱም ይህ እግር አሁንም ያነክሳል። የጌታዬ ሥራ ዱላ በመደበቅ አያምርም። ክብር ለስሙ ይሁን!

የተወለድኩት እዚሁ ቢቸና ነው። አባቴን የምታስታውሱ አላችሁ። የመሬት ክርክር ነበረበት፤ ዕድሜውን የጨረሰው በቢሮ ደጅ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ይቆማል። «ዛሬ ስብሰባ ናቸው።» «ነገ ና።» «ፋይሉ አልተገኘም።» ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይጸልያል፣ ከዚያ ቢሮ ሄዶ ይቆማል። ሁለቱም ደጆች ሳይከፈቱለት ሞተ ብዬ ደመደምኩ። የተቀበረ ዕለት ለራሴ ሁለት ነገር ነገርኩት፦ እግዚአብሔር የሚባል የለም፤ እኔም የማንንም ደጅ አልጠናም።

አልጠናሁምም። ሥራ ያዝኩ፣ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ቦርሳዬን አዝዬ ወደ ተራራ እሄድ ጀመር። ኔፓል ሄድኩ። ፔሩ ሄድኩ። ኪርጊዝስታን በፈረሰኞች አገር ሃያ ቀን በእግሬ ሄድኩ። ተመልሼ እጽፋለሁ፣ አንባቢ ይወደዋል። በሄድኩበት ሁሉ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው በእጃቸው «ግባ፣ ግባ» ይሉኛል። ቋንቋቸውን ባላውቅም «ግባ» የሚለውን ማንም ይረዳዋል። እኔ አመሰግናቸውና ራቅ ብዬ ድንኳኔን እተክላለሁ። በዚያ ሁሉ አገር የማንም ሰው ጣሪያ ሥር አላደርኩም። ይህን በጽሑፎቼ «ነጻነት» ብዬ ጠርቼዋለሁ።

ስለ ሙያዬ አንድ ነገር ያዙልኝ። በኛ ሥራ ስሕተት ከወጣ በሚቀጥለው እትም «እርማት» ተብሎ ይታተማል። እኔ በሥራ ዘመኔ ያወጣሁት እርማት ሦስት ነው፤ ሦስቱንም ዛሬ ድረስ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እውነት መሆኑን ያላመንኩበትን ዐረፍተ ነገር ግን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም።

እትዬ ሙሉ፣ እዚያ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ታላቅ እኅቴ፣ ከኔ ብዙ ዓመት ቀድማ ጌታን አገኘች። በየዓመቱ ትደውልልኛለች።

«አንተ የሰው አገር ተራራ እንደ ፍየል ስትወጣ ትኖራለህ፤ እኅትህ ቤት አንድ ቀን አድረሃል?»

«ቢቸና ሆቴል አለ እኮ፣ እትዬ።»

«ሆቴል ዘመድ ለሌለው ነው!»

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ የዓለምን ተራራ አይቼ የአገሬን ጮቄ አለማየቴ አሳፈረኝ። ከሞጣ ተነሥቼ፣ በጮቄ ትከሻ አልፌ፣ በአራት ቀን ቢቸና ልገባ ዐቀድኩ። እትዬ ሙሉ መንገድ የሚመራኝ ሰው እንድይዝ ለመነችኝ። ካርታ አለኝ አልኳት። ሞጣ ላይ ባትሪ የሸጡልኝ ሐጂም ቦርሳዬን ከላይ እስከ ታች ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ሰው ያዝ። ጮቄ ካርታ አያነብም» አሉኝ። ሣቅሁ። እርሳቸው አልሣቁም።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ጭጋጉ ወረደ። ከሰው ቁመት የሚበልጠው የደጋ ተክል፣ ጅብራው እንኳ ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። ቀጥሎ በረዶ ጣለ፣ ፍሬው እንደ ባቄላ። ጓሳው ሣር ላይ አዳልጦኝ ከነቦርሳዬ ቁልቁል ወረድኩ። ልነሣ ስል የቀኝ እግሬ አልቆም አለኝ። የድንኳኔ ዘንጎች ከሥሬ ሆነው ተሰብረዋል። ልብሴ እስከ ውስጥ ርሷል። ስልኩ መስመር የለውም። ካርታውን አወጣሁት፤ እጄ ውስጥ እንደ እንጀራ ፍርፋሪ ሆነ።

ከታች ውሻ ሲጮኽ ሰማሁ። ወደ ድምፁ ተሳብኩ። ምን ያህል እንደ ፈጀብኝ አላውቅም፤ ስደርስ ግን ጣቶቼን ማጠፍ አቅቶኛል። የድንጋይ አጥር፣ ከውስጡ አንድ ቤት፣ የተዘጋ በር። ዕድሜዬን ሙሉ ያመለጥኩት ደጅ፣ ወገኖቼ!

«ቤቶች!» አልኩ። «ውሻ ያዙ!»

ውሻው ዝም አለ። ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። «ማነህ?»

ስሜን ነገርኩ። «ጋዜጠኛ ነኝ።»

«ምን ነኝ አለ?» የሴት ድምፅ ነው።

«ጋዜጠኛ ነኝ ይላል።»

«ጋዜጠኛ በበረዶ ምን ይሠራል?»

«መታወቂያ አለኝ!» አልኩ።

«መታወቂያ ሌባም አለው» አለ ሽማግሌው። በኋላ እንደ ሰማሁት በዚያው ሳምንት ሌቦች ከዚያ መንደር ሁለት በሬ ነድተው ነበር። «ስንት ናችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻውን የሚሄድ ወይ ጅብ ነው ወይ ሌባ። የማን እንግዳ ነህ?»

የአባቴን ስም ጠራሁ። አናውቀውም አሉ። የአለቃዬን ስም ጠራሁ። እሱንም አያውቁትም።

«አንተ ሰው፣ የማን እንግዳ ነህ ነው የምልህ!»

በዚህ አገር ያደጋችሁ ሁሉ መልሱን ታውቃላችሁ። እኔም አውቀዋለሁ። መንገደኛ ደጅ ሲቆም የሚላት አንዲት ቃል አለች። ግን አላምናትም። ለአንዲት ማደሪያ ብዬ የማላምንበትን ልናገር? እዚያው አጥር ሥር ተቀምጬ አሰብኩበት። አትሣቁ! ሰው በብርድ እየሞተ ስለ ዐረፍተ ነገር ያስባል። ኩራት ይህን ያህል ነው።

ከዚያ መንቀጥቀጤ አቆመ። ይህ መልካም ምልክት እንዳልሆነ ከኔፓል አውቃለሁ። ሰውነት መንቀጥቀጥ ሲያቆም መሸነፉ ነው።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ» አልኩ።

የበሩ መወርወሪያ ሲሳብ ሰማሁ።

«ታዲያ ይህን ቀድመህ አትልም ነበር? ሁለት ጊዜ ስጠይቅህ!» ሽማግሌው ባናቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ስማቸው አያ ገላው ነው። ባለቤታቸው ውድነሽ ውኃ አሙቀው አመጡ። አያ ገላው ተንበርክከው እግሬን አጠቡኝ። ሲያጥቡ በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ተሰብሯል» አሉ። ቀርከሃ ሰንጥቀው አሰሩልኝ። ቦርሳዬን አይተው፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። ድንኳን ነው፣ ቤቴ ነው አልኳቸው። «ቤትህን አዝለህ ነው የምትዞር? እንደ ኤሊ? ታዲያ የኔን ለምን ታንኳኳለህ!» ሦስታችንም ሣቅን።

የተቀቀለ ድንች ቀረበልኝ። መጉረስ አልቻልኩም። በውሸት ገብቼ እንዴት ልብላ?

«አያ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኩ። «እኔ በእግዜር አላምንም። ደጅ ላይ ያልኩት እውነት አይደለም። ማወቅ ስላለብዎት ነው።»

ውድነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጉድ! የማያውቀውን ጌታ ስም ጠርቶ ገባ!»

አያ ገላው እሳቱን ትንሽ ቆሰቆሱ። «ለመሆኑ ያንተን አፍ አምኜ የከፈትኩ መሰለህ?» አሉኝ። «እሱን ብዬ ነው የከፈትኩ። አንተ ብትዋሽ እሱ አልዋሸም። በስሙ ገብተሃል፤ አሁን ውጣ ልበልህ ብል በማን ስም ላስወጣህ? ድንችህን ብላ።»

ሃሌ ሉያ! ከብዙ ባለሥልጣን ጋር ቃለ መጠይቅ አድርጌአለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝ ግን የለም።

በማግስቱ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱኝ። ወጣቱ ሐኪም ራጁን አየና፣ «ይህን ማን ነው ያሰረው?» አለ። አንድ ገበሬ አልኩት። «ጥሩ አስሯል። እግርህ አይቆረጥም። ግን ታነክሳለህ፤ ሸክም ይዞ ተራራ መውጣት አብቅቷል።» እንደ ልማዴ ጠየቅሁት፤ «ውጭ ባድር ኖሮስ?» «በዚያ ብርድ፣ በእርጥብ ልብስ? እዚህ አንገናኝም ነበር።» የሐኪሙ ቃል ይኸው ነው። ተአምር አላለም፤ እኔም አፉ ውስጥ አልጨምርበትም።

ከሐኪም ቤት እትዬ ሙሉ ወሰደችኝ። አልጋዋን ለቃልኝ፣ ትራሱን እያስተካከለች፣ «ምነው፣ ሆቴሉ ሞልቶ ነው?» አለችኝ።

እዚያ ተኝቼ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ያን ቃል ተናግሬአለሁ። ወይ ዋሽቻለሁ፣ ወይ እውነት ነው። ከዋሸሁ እርማት ይገባል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ የማን እንግዳ እንደነበርኩ ማወቅ አለብኝ። የእትዬ ሙሉን መጽሐፍ ቅዱስ ወስጄ አራቱን ወንጌሎች እንደ አራት ምንጭ አስተያይቼ አነበብኩ፣ እርሳስ ይዤ። ስሕተት ፍለጋ ነበር የገባሁት።

ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ሲወለድ በእንግዶች ማደሪያ ቦታ ያጣ ሰው አገኘሁ። ጎልማሳ ሆኖ ራሱን የሚያሳርፍበት የሌለው። የደቀ መዛሙርቱን እግር በእጁ ያጠበ፣ ልክ አያ ገላው የኔን እንዳጠቡ። ከወንጌሎቹም አልፌ እስከ መጨረሻው መጽሐፍ አነበብኩ፤ እዚያም ያው ጌታ፣ ከትንሣኤውና ከክብሩ በኋላ፣ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል። እኔ ደጅ መቆምን ከውርደት ሁሉ የባሰ ብዬ የሸሸሁ ሰው፣ አባቴ ባርኔጣውን ይዞ የቆመበት ቦታ ላይ ጌታዬን ቆሞ አገኘሁት። አባቴ በእነዚያ ደጆች ብቻውን አልቆመም። ይህን የመጨረሻውን በማስረጃ አላቀርበውም፤ አምኜ ነው የምናገረው። ልዩነቱን እንድታውቁልኝ ነው።

አንድ ቀትር ላይ እትዬ ሙሉ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ በዚያ ባዶ ቤት «ግባ» አልኩ። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። አለቀስኩ፣ ብዙ አለቀስኩ። ስትመለስ ደነገጠች።

«ምነው? እግርህን አመመህ?»

«አይ። እንግዳ መጥቶብኝ ነው።»

ሽንኩርቷን ከነዘንቢሉ ጥላ እልል አለች! ጌታ ይባረክ፣ ወገኖቼ! አሁንም ልትል ነው፣ ተመልከቷት!

ከዚያ በኋላ ያልተባልኩት የለም። የሥራ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ድንጋጤ ነው፣ ይለቅሃል። ሲለቅህ እርማት ታወጣለህ» አለኝ። እስካሁን አለቀቀኝም። የአክስቴ ልጆች የአባቱን ሃይማኖት ከዳ ብለው ሰላምታ ነሱኝ። በሐዘናቸውም በደስታቸውም ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ካላናገሩኝ ዝም ብዬ ተቀምጬ እወጣለሁ። ደጅ መቆም አሁን አያሳፍረኝም። ከእኛው ወገን ደግሞ፣ «አያ ገላው ገና አልዳኑም በል» ያለኝ አለ። አልልም። እሳቸው ዛሬም በደብራቸው ያስቀድሳሉ፤ በጌታ ስም በር ከፍተውልኛል፣ እግሬን አጥበዋል። በእሳቸው ላይ ክፉ ቃል በኔ አንደበት ከዚህ መድረክ አይወርድም። የተቆጣ ይቆጣ!

ባለፈው ጥቅምት በበቅሎ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቦርሳ አልያዝኩም፣ ድንኳን አልያዝኩም። ደጁ ላይ ወርጄ በዱላዬ ቆምኩ።

«ቤቶች! ውሻ ያዙ!»

አያ ገላው በመስኮት እንዳዩኝ አውቃለሁ፣ የውድነሽን ሣቅ ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን አጠንክረው፣ «ማነህ? የማን እንግዳ ነህ?» አሉ።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ!»

«ዛሬስ እውነት ነው?»

«አጣርቻለሁ፣ አያ!»

በሩ ተከፈተ። አደርኩም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ በር ውጭ ቆማችሁ የምትሰሙም አላችሁ፣ አያችኋለሁ፤ ስማችሁን፣ ሥራችሁን፣ የአባታችሁን ስም እየጠራችሁ አትድከሙ። እኔ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ፣ በበረዶ ውስጥ። ጌታን «እንግዳህ ነኝ» በሉት። እስክታምኑት ድረስ የሚታገሥ ጌታ ነው፣ የምስጋናዬ ሁሉ ምክንያት እሱ ነው። ለባልደረባዬም፣ ይህ ቃል ከደረሰው፣ መልሴ ይኸው፦ በዚያ ደጅ ላይ የተናገርኩትን ቃል አጣርቼ አጽንቻለሁ። እርማት የለውም።