ድምፅ የሌላት ቲ

ታፔላ ሠሪው መሰላላቸውን ለሰው አስይዘው አያውቁም። የመሰላሉን እግር ከበር ብረት ጋር በገመድ ጥፍር አድርገው አስረው፣ ቋጠሮውን ጎትተው ካላረጋገጡ በስተቀር አንዲት እርከን አይወጡም። «ሰው ስልክ ሲጮህበት ይለቃል፤ ገመድ ስልክ የለውም» ይላሉ።

ያን ዕለት ግን ገመዱ ቢጠብቅም ቋጠሮውን ሁለት ሦስቴ ጎተቱት። ከአዲሱ አበባ መሸጫ በር በላይ ከላሜራ የቆረጧቸውን የእንግሊዝኛ ፊደላት መግጠም አለባቸው። ሱቁ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የተጠሩትም ሰዎች ከወዲሁ መንገዱን መሙላት ጀምረዋል። ታፔላ ሠሪው ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ፊደል ነበር፤ ከቀኝ ጠርዝ ለክተው ወደ ግራ ሲመጡ ቃሉ ከግድግዳው አይተርፍባቸውም። የዚህ ቃል የመጨረሻ ፊደል ደግሞ ያችው ከቁርስ ጀምሮ ያጠራጠረቻቸው ቲ ነበረች።

ቃሉ «ቡኬ» ነው፤ እቅፍ አበባ ማለት ነው። ጽፋ የሰጠቻቸው ልጃቸው ናት፤ እርሳቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፉም።

«ቡኬ ሲባል ቲ የት ላይ ነው የምትሰማው?» ብለዋት ነበር ቁርስ ላይ።

«አትሰማም፣ አባዬ። እንግሊዞች ቃሉን ከፈረንሳዮች ሲወስዱት አጻጻፉን እንዳለ ተዉት።»

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

«ምንም። ትቀመጣለች።»

«ደሞዝ እየበላች?»

ልጅቱ ሳቀች። ነገሩን ያበላሸው ሳቋ ነው።

ዓምና «ፋርማሲ» የሚለውን ቃል ጆሯቸው እንደሰማው በኤፍ ጀምረው መድኃኒት ቤት ላይ ሰቅለው ነበር። ቃሉ ሥሩ ግሪክ በመሆኑ በፒና በኤች እንደሚጀምር ያወቁት ሰፈሩ «ጋሽ ኤፍ» ካላቸው በኋላ ነው። ታፔላው በማግስቱ ወረደ፤ ቅጽል ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ዳግመኛ ከተሳሳቱ በዚያ መንገድ ላይ ሥራ የሚሰጣቸው እንደማይኖር አሳምረው ያውቃሉ።

ስለዚህ ከቤት እንደወጡ ከአበባ መሸጫው ፊት ለፊት ያለውን ፀጉር አስተካካይ በሚስጥር ጠየቁት። «ቲ ደግሞ ምን ልታደርግ? ልጅቱ ቀልዳብዎት ነው» አላቸው። እርሳቸውም ቲን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ መሰላሉን ከእርሷ በፊት ላለችው ፊደል በሚመች ቦታ አሰሩት።

መሰርሰሪያውን ሲያነሡ ከበስተጀርባ ድምፅ መጣ።

«ጋሽ ኤፍ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊያሳዩን ነው?»

ዞር አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ሳሙና እንደተቀባ ትቶ፣ ወንበር አውጥቶ ደጃፉ ላይ ተደላድሏል። ታፔላ ሠሪው መሰርሰሪያውን ዝቅ አደረጉ። ሥራ የሚያይ ሰው እንዲህ አይቀመጥም፤ እንዲህ የሚቀመጥ መሳቂያ የሚጠብቅ ነው።

በዚህ መሐል ልጃቸው ደረሰች። ከመሰላሉ ሥር ቆማ ቀና አለች።

«ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅከው አሉ።»

«ጠየቅሁት። መጠየቅ ነውር ነው?»

«እኔን ስላላመንከኝ ነዋ።»

«አንቺ ሳቅሽ።»

«በደሞዙ ነው እኮ የሳቅሁት!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባዬ፣ አንተን ኤፍ ሲሉህ እኔን ምን የሚሉኝ ይመስልሃል?»

ታፔላ ሠሪው ይህን አስበውት አያውቁም።

«የኤፍ ልጅ። ትምህርት ቤት ድረስ። ታዲያ አሁን ደግሞ ሌላ እንዲጨምሩልኝ ነው የማሳስትህ?»

 በሩ ላይ የቆመችው የአበባ መሸጫው ባለሱቅ ሰዓቷን አየች። ታፔላ ሠሪው እርከኑን አንድ በአንድ እየረገጡ ወረዱና ገመዱን መፍታት ያዙ። ቲ የምትገጠምበት ጠርዝ ሥር መሰላሉ የሚታሰርበት ብረት የለም፤ ልሙጥ ግድግዳ ብቻ ነው። መሰላሉን ወደዚያ ገፉት፤ ተንገዳገደ።

«ስልክሽን ለእሷ ስጪ» አሉ በአገጫቸው ወደ ባለሱቋ እያመለከቱ። «በሁለት እጅሽ ያዢልኝ።»

ልጅቱ ሰጠችና ያዘች። ከኪሳቸው ቲን አውጥተው በጥርሳቸው ነክሰው ወጡ። ከላይ ሆነው አንዴ ወደ ታች አዩ፤ እጆቿ ከመሰላሉ አልተነሡም። መሰርሰር ጀመሩ።