ዕቃውን የት ተቀበለች?

የባለቤቴ ታላቅ እህት ቀሚስ ይሰፋሉ፤ እኔ ታክሱን እይዛለሁ። ሰው ሥራችንን ሲጠይቀን እንዲህ ነው የምንለው፣ ሁለቱ እኩል የሚከብዱ ይመስል። እትዬ የስፌት መኪናቸው ዋሽንግተን ስቴት፣ ማውንትሌክ ቴራስ ባለው ቤታቸው፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ነው። ሸማው ከአገር ቤት ተሸምኖ ይመጣል፣ ልኬቱን በስልክ ይጠይቃሉ፣ ይሰፋሉ። ልጄ የከፈተችልን ዌብሳይት አለ፤ ገዢዎቻችን ግን እዚያ ፎቶውን አይተው ሲያበቁ የሚደውሉት ለእትዬ ነው። ትልልቆቹ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ብንሸጥ ኖሮ ታክሱን ራሳቸው ሰብስበው ይከፍሉልን ነበር። እትዬ እምቢ አሉ። "ድምፅዋን ላልሰማኋት ሴት ጨርቅ አልቆርጥም" አሉ። ስለዚህ ታክሱ ለእኔ ቀረ።

ኮሌጅ የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ኮሌጅ በሚያስገቡበት ዕድሜ ነው። ሂሳብ አያያዝ ተማርኩ። በእነዚያ ዓመታት እኔ ከክፍል እስክመለስ ልጆቼን ያበሉት፣ ያጠቡትና ያስተኙት እትዬ ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ሲሉ አልሰማሁም። ዘግይቼ ስለተማርኩ ይሁን እንጃ፣ አንድ ደንብ ካነበብኩ በኋላ እንዳላየሁ ማለፍ አይሆንልኝም። ይህ ጠባዬ ሰውን ያደክማል። እኔንም ያደክመኛል።

ባለፈው ዓመት፣ ብርዱ መለስ ሲል፣ ዴንቨር የሚኖሩ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ የቤተሰቡን ልብስ በሙሉ አዘዙ። እትዬ ዋጋውን ነገሯቸው።

"ታክስ አለው እንዴ?" አሉ የሙሽራዋ እናት።

"የለውም። እርስዎ ሌላ ስቴት ነዎት። ያልኩት አልኩ ነው፣ ሳንቲም አልጨምርም።"

እትዬ ይህን ያሉት ከእኔ ሰምተው ነው፤ ትክክልም ነበር። ልብሱን ዴንቨር ድረስ ከላክነው የዋሽንግተን ታክስ አይነካውም። ዴንቨር ያለበት ኮሎራዶ ደግሞ የራሱ ወሰን አለው፤ እዚያ ያለው ሽያጫችን ከወሰኑ ካላለፈ ሰብስቡልኝ አይለንም፤ እኛ ደግሞ ወሰኑን በሩቁም አላየነው።

ነገሩ የተበላሸው ልብሱ ካለቀ በኋላ ነው። እትዬ ፖስታ አያምኑም። አንድ ጊዜ የላክነው ካርቶን ሰው ደጃፍ ላይ ተጥሎ ዝናብ ገብቶበት፣ የጥለቱ ቀለም ነጩ ላይ ፈሶ ነበር። የሙሽራዋ አክስት፣ ማለት የእናትየዋ ታናሽ እህት፣ ዘመድ ልትጠይቅ አየር ማረፊያው ያለበት ሲታክ መጥታለች ሲባሉ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አጣ። "በእህትዎ እጅ እልክልዎታለሁ" ብለው ቃል ገቡ። ለእኔ የነገሩኝ ሻንጣው ከታሰረ በኋላ ነው፣ ያውም እንድነዳቸው ፈልገው።

ከመነሳቴ በፊት ወደ ስቴቱ ታክስ ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

"ገዢዋ የት ነው ያለችው?"

"ዴንቨር።"

"ዕቃውን የት ተቀበለች?"

"እህቷ ናት የምትቀበልላት። እዚህ።"

"እንግዲያው በገዢዋ ስም እዚህ ተቀብላለች። ሽያጩ የዋሽንግተን ነው፤ ታክስ ትሰበስባላችሁ።"

አመስግኜ ዘጋሁና ደንቡን ራሴ ፈልጌ አነበብኩት። ያው ነው።

ለእትዬ የነገርኳቸው መኪና ውስጥ፣ አይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ከወጣን በኋላ ነው። ዓይናቸውን ሳላይ ብናገረው የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር።

"እትዬ፣ ሻንጣውን እዚህ ከሰጠናት ታክስ አለው።"

"የምን ታክስ? ሙሽራዋ ዴንቨር፣ ሠርጉ ዴንቨር!"

"የሚታየው ዕቃውን የት ተቀበሉ የሚለው ነው።"

"የምትቀበለውማ እናትየዋ ናት። አክስትየዋ ተሸካሚ ናት እንጂ ምን አገባት?"

"እሺ፣ ለአክስትየዋ ሰጥተዋት መንገድ ላይ ቢጠፋ፣ ለእናትየዋ አልሰጠሁም ይላሉ?"

"ምን ብዬ! ለእህቷ ከሰጠሁ ለእሷ ሰጠሁ ማለት አይደል?"

"እነሱም የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ እትዬ።"

የመኪናው መጥረጊያ ወዲህ ወዲያ ይላል። ዳውንታውንን ካለፍን በኋላ፣ "ኦሬጎን ታክስ የለም አይደል የሚሉት? ነድተን እዚያ እንስጣት" አሉ።

"ሳንደርስ የዛሬው ፕሌኗ ያመልጣታል።"

"ታኮማስ?"

"ታኮማ ዋሽንግተን ነው። መጠኑ ብቻ ነው ከከተማ ከተማ የሚለያየው።"

"በየከተማው?"

"በየከተማው።"

"የፈጠረው ሰው ሥራ ፈት መሆን አለበት" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ምን እንደሚያስጨንቃቸው አውቃለሁ። ታክሱን ከእናትየዋ ብንጠይቅ፣ ሳንቲም አልጨምርም ያሉት ይፈርሳል። እኛ ብንከፍለው የስንት ወር ስፌት ትርፍ ይዞ ይሄዳል። በፖስታ ብንልከው ደግሞ በእህትዎ እጅ ያሉት ውሸት ይሆናል። እትዬ እዚህ አገር ያላቸው ሀብት ሲናገሩ መታመናቸው ነው። እሱን የምነካባቸው ደግሞ በእሳቸው ድካም በተማርኩት ትምህርት ነው። መሪውን ይዤ ይህን ሳስብ ትከሻዬ ዛለ።

"ፖስታ ይሻላል" አልኩ። "ላስቲክ እናለብሰዋለን።"



ሲታክ ደርሰን ፓርክ ሳደርግ አክስትየዋ ከዘመዷ አፓርታማ ደጅ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ሳቂታ ሴት ናት። "ኦኬ፣ አውርዱልኝ እንጂ! ሙሽራዋን ራሷን የጫናችሁ አስመሰላችሁት እኮ!"

እትዬ ወርደው ሻንጣውን ከኋላ አወጡ። እጃቸው እጀታው ላይ እንደሆነ እኔን አዩኝ። እኔ ሰው ፊት የምናገር ሴት አይደለሁም፤ ማኅበር ላይ እንኳ ጥግ ይዤ ነው የምቀመጠው። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ግን የእኔ ስም ነው።

"ይቅርታ፣ ሻንጣውን ልንሰጥዎ አንችልም" አልኩ። ምክንያቱን ባጭሩ አስረዳኋት። ስናገር የራሴ ድምፅ ጆሮዬን ከበደኝ።

አክስትየዋ መጀመሪያ ሳቀች። ቀልድ አለመሆኑን ስታውቅ ፊቷ ተለወጠ። "እርስ በርሳችን ደግሞ ታክስ ተጀመረ? ሶ፣ እህቴን ምን ልበላት? የልጅሽን ቀሚስ መንግሥት ያዘው?" ወደ እትዬ ዞረች። "የወንድምዎ ሚስት ናት አይደል? ይጠንቀቁ፣ ነገ ራት ጋብዛዎት ደረሰኝ ትቆርጣለች።"

እትዬ ሻንጣውን ገፋ አድርገው የሚሰጧት መሰለኝ። ቢሰጧት አልፈርድባቸውም ነበር። የማስቆምም አቅም አልነበረኝም።

"ልጆቿን ይዤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ" አሉ። "የተማረችውን ትናገር።"

ከዚያ ወደ አክስትየዋ ዞሩ።

"ለእህትሽ ንገሪያት" አሉ እትዬ። "ዋጋው ያልኩት ነው። በእጅሽ እልካለሁ ያልኩት ግን ቀርቷል። ሳልጠይቅ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የወንድሜ ሚስት የለችበትም።"

አክስትየዋ ደህና ዋሉ ሳትለን ገባች።

ያንኑ ቀን ፖስታ ቤት ሄድን። እትዬ ከሻንጣው እያወጡ እያንዳንዱን ቀሚስ ለብቻው ላስቲክ አለበሱት፣ ካርቶኑን ደግሞ ከውስጥም ከውጭም። በፊርማ ብቻ እንዲሰጥ አስመዘገብን። ከኋላችን ያለው ሰልፍ እየረዘመ ሲሄድ ልጄ ደወለች፤ የሆነውን ነገርኳት።

"ማሚ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ሺፕ ኢት?"

ለምን መጀመሪያውኑ ዝም ብላችሁ አልላካችሁትም ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ የእትዬ ስልክ አላስቀመጠኝም። "የት ደረሰ?" ይሉኛል፤ የመከታተያ ቁጥሩን እያየሁ እነግራቸዋለሁ። የሙሽራዋ እናት ግን ስልካቸውን አያነሱላቸውም። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር። እኔም እንቅልፌ ተረበሸ። ሕጉን ልክ መያዜ አላጽናናኝም።

በመጨረሻ ደረሰ የሚል መጣልኝና ደወልኩላቸው።

"ማን ፈረመ?" አሉ።

ስሙን አነበብኩላቸው። አክስትየዋ ነበረች።

"ለእህቷ ተሰጠ ማለት ለእሷ ተሰጠ ማለት ነው" አሉ።

"ዴንቨር ላይ" አልኩ።

"አዎ፣ እሺ፣ ዴንቨር ላይ።"

በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ራሳቸው ደወሉ። ስለ ሻንጣው አንዲት ቃል አላነሱም፤ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ የአንደኛው ቀሚስ እጅጌ ረዘመ ብለው ወቀሳ ጀመሩ። እትዬ ወቀሳውን ለእኔ ሲደግሙልኝ እንደ ምስጋና ነበር የሚቆጥሩት። እናትየዋ ቀሚሱን በፖስታ መልሰው እንዲልኩላቸው ተስማምተዋል።

"ማስተካከያውስ ታክስ አለው?" አሉኝ።

"ካላስከፈሏቸው የለውም።"

"ተመስገን" አሉና ስልኩን ዘጉት። እኔም የኮምፒዩተሩን ክዳን ዘግቼ፣ ሳልነሳ፣ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ዓይኔን ጨፈንኩ።