ከላንቴ የተጫነው ሙዝ

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ካለ አሳ ቤት ቁጭ ብዬ የአሳ ኮተሌቴን በሚያቃጥል ዳጣ እበላ ነበር። አጠገቤ ሁለት ወጣቶች መንግሥት ትልልቅ ድርጅቶቹን ይሽጥ ወይስ ይያዝ እያሉ ይከራከራሉ። አንደኛው፣ “ድርጅት ቢበላሽ የሚከስረው ድርጅቱ ነው፤ የአገር ስም እዚህ ውስጥ ምን አገባው?” አለ። አስቴር ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ከጎጃም እንደመጣሁ፣ ላንቴ አካባቢ በነበረ አንድ የመንግሥት የፍራፍሬ እርሻ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስሙ ያምራል እንጂ እኔ ሙዝን ከመብላት በቀር አላውቀውም። ያስተማረችኝ አስቴር ናት። የላንቴ ልጅ ነበረች፤ የአሻጊዎቹ ኃላፊ። ጣቶቿ በሙዝ ሙጫ ጠቁረው፣ አንዱን ዘለላ አንስታ ጎኑን ዳሰስ ታደርግና ስንት ቀን እንደሚቆይ ትነግረኛለች። አትሳሳትም።

ምሳ የምንበላው ማንጎ ጥላ ሥር ነበር። እሷ ከቤቷ የሽፈራው ቅጠል የገባበት የበቆሎ ቁርቁፋ ታመጣለች፤ ከታች የአባያ ሐይቅ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየቀላ ይታየናል። “አንተ አማርኛ ስትናገር ቄስ ትመስላለህ” እያለች ትስቅብኝ ነበር። ያንን ሳቅ ለመስማት ስል ሆን ብዬ ቃል አከብድ እንደነበር ዛሬ ብናገር ማን ምን ይለኛል?

በዚያ በልግ ድርጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙዝ ወደ ውጭ አገር ሊልክ ሆነ። አዳዲሶቹ ካርቶኖች ላይ የአገራችን ስም በትልቁ ታትሟል። አሻጊዎቹ ካርቶኑን በመሐረባቸው ይጠርጉት ነበር። ታዲያ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦ መኪናው ሦስት ቀን ዘገየ። የታሸገው ሙዝ በዚያ ሙቀት መጋዘን ውስጥ ቆየ።

መኪናው ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዞ መጣ። “ፈርምና ይጫን” አለኝ።

አስቴር አንዱን ካርቶን ከፍታ ዘለላ አወጣች። “ይኼ አይሄድም፤ መንገድ ላይ ይበስላል። ሁለት ቀን ይስጡንና አዲስ እንቁረጥ።”

“ነገ ከአዲስ አበባ ኃላፊዎች ጭነቱን ሊሸኙ ይመጣሉ። ባዶ መጋዘን ነው የማሳያቸው?”

ወደ እኔ ዞረ። እሷም አየችኝ። ከእኔ አንድ ቃል ትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ድርጅቱ የመንግሥት ነው፣ ቢበላሽም መንግሥት ይችለዋል አልኩ። ፈረምኩ።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሙዙ ጠቁሮ ነበር የደረሰው። ገዢው የድርጅታችንን ስም እንኳ አላነሳም፤ “ከእንግዲህ ከኢትዮጵያ ሙዝ አንገዛም” ነው ያለው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

የጠየቁኝ የአስቴር አባት አቶ ዳና ናቸው። የዚያው ገዢ ሰዎች ቀደም ሲል የላንቴ ገበሬዎችን ማሳ ዞረው አይተው፣ ቀጥሎ የእናንተን እንወስዳለን ብለዋቸው ነበር። አቶ ዳና በዚያ ተስፋ ማሳቸውን አስፍተዋል። አንድ ቀን ከልጃቸው ጋር መጋዘኑ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

“ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። የእኔን ሙዝ ሳይቀምሱ ለምን እምቢ አሉ?”

“እምቢ ያሰኛቸው ካርቶኑ ላይ ያለው የአገሩ ስም ነው፣ አባባ።”

“ስሙማ የእኔም ነው” አሉ። “ታዲያ ሲጫን እኔን ማን ጠየቀኝ?”

አስቴር አባቷን ወደ መንገዱ ሸኝታ ተመለሰች። ሥራውን መልቀቋን የነገረችኝ ያኔ ነው። “አላወቀም ነበር ብዬ ባስብ ይሻለኝ ነበር” አለችኝ። “ግን አይተኸዋል።” በጭቃው መንገድ ዳር ዳሩን ይዛ ስትሄድ ቆሜ አየኋት። ልጠራት እችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ በዚሁ ከተማ ጡረታ ወጥቻለሁ። መንግሥት ድርጅቶቹን ይሽጥ ወይስ ይያዝ፣ መልሱን አላውቅም። በመንግሥት እጅ ሆነው ያኮሩንም አሉ። ነገር ግን የመንግሥት የሆነ ዕቃ ድንበር ሲሻገር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው አቶ ዳናንም ይዟቸው እንደሚሻገር በእኔ ፊርማ አይቻለሁ። ለወጣቶቹ ይህን ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ከነገርኳቸው ስለ አስቴር መናገሬ አይቀርም ነበር።

ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ወንድሟ ገበያ አግኝቶኝ ስልኳን ከሰጠኝ ቆይቷል፤ ጂንካ ነው የምትኖረው፣ የልጅ ልጅ አይታለች አሉ። ከአንድ ዛፍ ሥር ቆሜ ደወልኩ።

“ሄሎ? ማን ልበል?”

ድምጿ ትንሽ ወፈር ብሏል እንጂ ያው ነው። ስሜ ከአፌ አልወጣ አለ።

“ተሳስቻለሁ” አልኳት።

አርባ ዓመት ሙሉ ልነግራት የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። እሷ ግን ቁጥር የተሳሳትኩ መስሏት፣ “ምንም አይደል፣ ወንድሜ” ብላ ዘጋችው።