የደሴቱ ጨው

በ2021 ሰመር፣ ስዊድን አገር ደሴት ላይ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ እዚያው የሚሠራ ውስኪ በትንሽ ጠርሙስ በሰው ላከልኝ። በቪዲዮ ደውሎም፣ "ጋባዡ እኔ ነኝ" ብሎ ቀድሞኝ ቀመሰ።

"መጀመሪያ የጥድ ጭስ፣ ቀጥሎ የባሕር ጨው ታገኛለህ" አለኝ። ከኋላው ሹራብ የለበሱ ሰዎች ጀልባ ያስራሉ።

እኔ በረሃ መሃል ባለችው ፓራዳይዝ ከተማ፣ ኤሲው የተበላሸ አፓርታማዬ ውስጥ ነኝ። ጭሱን ወዲያው አገኘሁት። ጨውስ? ውስኪ አዋቂ ነኝ ባይ እንዴት ያመልጠዋል! አሸተትኩ፣ ምላሴ ላይ አቆየሁት፣ የለም። እልህ ያዘኝ። ደግሜ ስጎነጭ ድንገት መጣ።

"ጋሼ፣ ጨው! አገኘሁት!" ብዬ ጮኽኩ።

ወንድሜ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ ፊቴን አየ።

"እስቲ ላብህን ጥረግና ድገመው" አለኝ።