ስኳር ያነሰው ብስኩት

እኛ ቤት የገና ድግስ የሚሠራው ሳይቀመስ ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ቅቤው ሲነጠር፣ እንቁላሉ ሲመታ ቤተሰቡ በሙሉ ጾም ላይ ነው፤ ጨው ይነስ ይብዛ በአፉ የሚያረጋግጥ የለም። እናቴ ግን መላ ነበራት። ከአጥር ማዶ በርበሬና ጨው የምትቸረችር ሙስሊም ጎረቤት አለችን። ዶሮው ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት እሷ ትጠራና ወጡን በማንኪያ ጫፍ ቀምሳ ትፈርዳለች። እሷ ያለችው ይጸናል። ላሊበላ ውስጥ የእናቴን እጅ ያመሰገነ ሁሉ ሳያውቀው የዚያችን ሴት ምላስ ነው ያመሰገነው።

ያን ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣሁት ከነትዕቢቴ ነው። ሞባይል ከካድሬና ከአስጎብኚ እጅ ገና ያልወጣበት ጊዜ ነበር። እኔ ግን መሥሪያ ቤት ገብቼ ደመወዝ መቀበል ስለጀመርኩ ብቻ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በሻንጣዬ የፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫኒላና ቤኪንግ ፓውደር ይዣለሁ። አከራዬ የብስኩት አሠራር አስተምራኝ ነበርና፣ "በጣም ቀላል ነው" አልኳቸው እናቴንና ታናሽ እህቴን። "ቅቤ፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ ዱቄት፤ አለቀ። ዘንድሮ እንኳ ተሳላሚውን ቆሎ ብቻ አስይዘን አንሸኝም።" እናቴ ለዶሮው ካስቀመጠችው ቅቤ ቆርሳ ሰጠችኝ። ቅሉን ከመክደኗ በፊት የቀረውን ጎንበስ ብላ አየችው።

ቀኑ ገሃድ ነው፤ የገና ዋዜማ። ሌላውን ጾም የሚያላላ ሰው እንኳ ያን ቀን ይጠነቀቃል። ብስኩቱን በብረት ድስት፣ ከሥርም ከክዳኑም ላይ ፍም አድርገን ልንጋግር ተስማምተናል። እህቴ ሊጡን በሻይ ብርጭቆ አፍ ልትቆርጥ ትሪ ዘርግታ ትጠብቃለች። መደቡ ላይ ደግሞ እንግዳ አለን፤ ከደላንታ፣ ከወገል ጤና ወዲያ ካለ መንደር በእግራቸው የመጡ እናት። እናቴ ቤተ ማርያም በር ላይ አግኝታቸው፣ እግራቸውን አጥባ፣ "ሌላ ቤት አይሄዱም" ብላ ነው ያመጣቻቸው። የዚያን ቀን ጧት ነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ ሄደው፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ተመልሰዋል። ቤታቸው የተኛ ልጅ አላቸው፤ አልጋ ላይ ከወደቀ ቆይቷል። ጠርሙሱን ከጉያቸው አይለዩትም ነበር።

"ጎረቤታችን ትምጣና ትቅመስልን" አለች እናቴ። እህቴ ሄዳ ተመለሰች፤ ገበያው ስለደራባት "መጣሁ" ብላለች። "መጣሁ" እኛ አገር ርዝመቱ የማይታወቅ ቃል ነው። እኔ ሊጡን በእጄ እያሸሁ ነበር። ጣቴን ላስኩና "ስኳር አንሶታል" አልኩ።

እህቴ የያዘችውን ብርጭቆ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

ብደነግጥ ኖሮ፣ "በስመ አብ!" ብዬ ብተፋው ኖሮ መርሳት ይሆን ነበር። ማንም ይረሳል። እኔ ግን እጄን ወደ ስኳሩ ነው የዘረጋሁት። እናቴ ያየችው ጣት መላሴን አይደለም፤ አለመደንገጤን ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ሽሮዋን እየበላሁ "ጾሙ ዘንድሮ አልከበደኝም" ስላት ከርሜያለሁ። ጾም የተውኩት ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቼም አይደለም፤ እሱ ቢሆን እንኳ ወግ ነበረው። መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ማኪያቶ የሚሸጥ ካፌ አለ። አንድ ረቡዕ ጠጣሁ፣ ምንም አልሆንኩም፣ በዚያው ቀረሁ።

እንግዳችን ቀና ብለው አዩኝ። እናቴ ፊቷ ዐመድ መስሏል። "ሐኪም ነው ያዘዛት" አለች። "ጨጓራዋን ታማብኝ፣ እንዳትጾም ብሏታል።"

እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዶሮ ስትሸጥ እንኳ፣ "ይቺ እንቁላል አቁማለች" ብላ ለገዢው የምትናገር ሴት ናት። በገሃድ ቀን፣ ጸበል በታቀፈ እንግዳ ፊት፣ ለእኔ ስትል ዋሸች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እኔን! እኔን ልጄ!" አሉ እንግዳችን ደረታቸውን እየመቱ። "እዩት እንግዲህ፣ ይህን ሁሉ ቀን ሽሮ ሲያቃጥላት። ምንሽን ነው እሚያምሽ? እዚህ ነው? የክርስትና ስምሽን ንገሪኝማ። ዛሬ ሌሊት ማርያም ደጅ ቁሜ ከልጄ ጋር እጠራሻለሁ።"

እናቴን አየኋት፤ እሷ ሊጡን ታያለች። እውነቱን ብናገር ውሸታም የምትባለው እሷ ናት፤ ያውም በገዛ ቤቷ። ስሜን ነገርኳቸው። እንዳይጠፋቸው ከልጃቸው ስም ጋር አያይዘው ደጋግመው በለሆሳስ አሉት።

ይሄኔ ጎረቤታችን ከች አለች። "ወላሂ ገበያው አልለቅ ብሎኝ ነው!" እጇን ታጥባ ከሊጡ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰችና "ስኳር አንሶታል" ብላ ፈረደች። እህቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። እናቴ ግን አልሳቀችም። ስኳሩን ከእጄ ወስዳ ጨመረችበት።

በማግስቱ ከቤዛ ኩሉ ዝማሬ ተመልሰን ጾሙ ሲፈታ ብስኩቱ ቀረበ። ሥሩ ትንሽ ቢያርም ያምር ነበር። እንግዳችን አማትበው ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አላመጡ፤ "እንዲህ ያለም ነገር በልቼ አላውቅ" አሉ። የተረፈውን ለልጃቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ሊሄዱ ሲነሡ ባዶ ጠርሙስ ለመኑን። እናቴ ለመንገድ ውኃ የሚይዙበት መስሏት አጥባ ሰጠቻቸው።

እሳቸው ጸበላቸውን አውጥተው ግማሹን ቀዱበት። ጠብታ እንዳይፈስ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አቁመው አስተያዩና የእኔ ዝቅ ያለ ሲመስላቸው ጥቂት ጨመሩልኝ።

"ኧረ እማማ፣ ለልጅዎ ነው…"

"ይበቃችኋል። ሌሊትም ሁለታችሁን ባንድ ላይ ነው የጠራኋችሁ። በባዶ ሆድሽ ጠጪው።"

በሁለት እጄ ተቀብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር? ተመራርቀው ወጡ።

እናቴ ከትሪው ላይ ፍርፋሪ ትጠርግ ነበር። ቀና ሳትል "የዚያ የበሽተኛው ድርሻ ነው እጅሽ ላይ ያለው" አለችኝ።

ጠርሙሱን ይዤ ሮጥኩ። መንገዱ በሚመለስ ተሳላሚ ሞልቷል፤ ነጭ በነጭ ነው። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ከአገራቸው ሰዎች ጋር ሲወርዱ ደረስኩባቸው። እስክደርስ ድረስ ልናገር ያሰብኩት እውነቱን ነበር፤ እምልላችኋለሁ። ፊታቸውን ሳየው አቃተኝ። ጠርሙሱን ዘረጋሁላቸውና "ይውሰዱት እማማ" አልኩ። "ለልጅዎ ይሁን። እኔ ተሽሎኛል።"

"ምን አልሽ?"

"ተሽሎኛል። ሌሊቱን ነው የተሻለኝ።"

ጠርሙሱን ተቀበሉኝ። እዚያው መንገድ መሐል ቆመው እልል አሉ። "ሌሊት ነው የጠራኋት! ሌሊቱን ዳነች!" እያሉ ለመንገደኛው አሳዩኝ። አገሬው ቆመ፤ ሴቶቹ እልልታውን ተቀበሉ፤ አንድ የማላውቃቸው መነኩሴ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ። ሊጡን ያሸሁበትን እጄን ሳይቀር የሳመች ነበረች። እንግዳችን ሁለቱን ጠርሙስ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ "እንግዲህ ልጄም ይነሣል በሉኛ! ይነሣል!" ይላሉ፤ እንባቸው ይወርዳል። መንገድ ያደከማቸው ሴት አሁን ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የወረዱት።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። እልልታው ከኋላዬ አልበረደም፤ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ እያዳመጠች ነበር።

"የምን እልልታ ነው?" አለችኝ።

"የገና ነው" አልኳት።