በሚካኤል ዕለት የቀረችው አሥራ ሁለት ክንድ

ላቀው እጁን መስቀሉ ላይ ጭኖ ሲምል፣ ሳትቆፈር የቀረችው አሥራ ሁለት ክንድ ትዝ ብላው ነበር ወይስ ረስቷት? እሱ ራሱ በእርጅናው ሲጠይቁት አንዳንዴ «ረስቼው ነበር» ይላል፤ አንዳንዴ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ቡሬ ላይ ነው። አንድ ጣሊያናዊ ሥራ ተቋራጭ ለመንገድ ሠራተኞች ሃያ ቤት ጀምሮ ዘጠኙን ብቻ ክዳን አለበሰ። የቤቶቹን እድፍ ከመሬት በታች የሚያወርደው የድንጋይ ቦይም የዚሁ ሰው ንብረት ነበር። የገነባው ላቀው ነው። ቦዩ ከመንደሩ ምንጭ አልፎ ገደል ሊገባ አሥራ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ሆነ።

«ዛሬ ጨርስ» አለው ተቋራጩ።

«በሚካኤል ቀን መሬት አልቆፍርም» ብሎ ላቀው ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

በማግሥቱ አርበኞች መንገዱን ቆረጡ ተባለ። ተቋራጩ መሣሪያውን ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ፤ አልተመለሰም። የቦዩ ጫፍ ከምንጩ በላይ ቀረ፤ አፈር ለበሰ፣ ሣር በቀለበት። ላቀውም ከተረፈው ኖራ አንድ ከረጢት ቤቱን ሊለስንበት ወሰደ።

በዘጠኙ ቤቶች የገቡት ሰዎች፣ ላቀውም አንዱ ነው፣ ቦዩ ሲደፈን የሚጠርግላቸው አጡ። ለከተማው ጣሊያናዊ ሹም አቤት አሉ። ሹሙ፣ «ቦዩን እንረከበዋለን፤ ጠራጊም እንመድባለን። ግን እስከ ገደሉ ማለቁን የገነባው ሰው ይማል። ካላለቀ ቤቶቹን ትለቃላችሁ» አላቸው።

አስተርጓሚው፣ ደረሰ የሚባል የመንደሩ ሰው፣ ወደ ላቀው ዞረ። «እህሳ፣ ዘጠኝ ቤት ያንተን አፍ ነው የሚያየው።»

«እስከ ገደሉ ነው» አለ ላቀው። መስቀሉን ነክቶ ማለ። ሹሙ ፈረመ። ማታ ጎረቤቶቹ ጠላ አጠጡት።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ቦዩን ሞላው፤ እድፉም መውጫ ሲያጣ በአፈሩ ውስጥ ወደ ምንጩ ሰረገ። ከምንጩ የምትቀዳው አቻምየለሽ እንስራዋን እንዳዘለች መንገድ ላይ አገኘችው።

«ጋሽ ላቀው፣ እርስዎ ግንበኛ ነዎት፤ ውሃው ምን ነካው?»

«ክረምት አይደል? ደፍርሶ ነው።»

በሳምንቱ ሕፃን ልጇ በተቅማጥ ወደቀች ተባለ። ከዚያ ወዲያ የላቀው ጎኑ እንጂ ዓይኑ አልተኛም። በአቻምየለሽ ደጅም ማለፍ ተወ።

ሰኔ ሚካኤል ጎህ ሲቀድ ዶማውንና ኖራውን ይዞ ወረደ። ነጭ ለብሶ ወደ ቅዳሴ የሚሄደው ሰው ሁሉ እየቆመ ያየው ጀመር።

«ላቀው! በሚካኤል ቀን ዶማ? ጣሊያን ሆንክ እንዴ?» አለ ደረሰ እየሳቀ።

«የተውኩትም በሚካኤል ቀን ነው።»

«እስከ ገደሉ ነው ብለህ ምለህ የለ?»

«ምያለሁ።»

ደረሰ ሳቁን ዋጠ። ነጠላውን አጣፍቶ መንገዱን ቀጠለ።

ቅዳሴው ሲያበቃ አቻምየለሽ መጣች። ከተቆፈረው አፈር የሚንጠፈጠፈውን ጥቁር ውሃ አየች፤ በዓይኗ እስከ ምንጩ ተከተለችው።

«ደፍርሶ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ዋሽቼሽ ነው።»

እሱ ድንጋይ ይደረድራል፤ ኖራው እጁን እየበላው ነው።

«ልጄ እንዴት እንደሆነች እንኳ አልጠየቁኝም።»

«ፈርቼ ነው።»

«ዛሬ አጥሚት ጠጣችልኝ» አለች። «ደስ ይበልዎ ብዬ ግን አይደለም የምነግርዎት።» ከዚያ ምንጭ ዳግመኛ አልቀዳችም።

የመጨረሻዋ ድንጋይ ስትገጥም እድፉ ከምንጩ አልፎ ገደል ገባ። ላቀው ጭቃውን ሳይታጠብ ቤቱ ገብቶ መደቡ ላይ ጋደም አለ። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ ወሰደው።